ምርጡ ኮርማ ቀድሞ ሲሸጥ፦ የበጋይት ከብት ዝርያ በምዕራብ ጎንደር ቆላ እንዴት ይጠበቃል?

ገንዳ ውኃ፦ በመተማ ቆላ የከብት ገበያ በሚውልበት ቀን የነጋዴ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ቁመቱ በረዘመ፣ ሻኛው በደነደነና ደረቱ በሰፋ ወይፈን ላይ ነው። ዋጋውም ከሌሎቹ ይበልጣል። ከብት አርቢው ለልጆቹ ትምህርት፣ ለእርሻ ግብዓት ወይም ለሕክምና ገንዘብ ሲቸግረው መጀመሪያ ወደ ገበያ የሚያወጣው ይህንኑ ወይፈን ነው። ገዥ ያጣው ቀጭኑና አጭሩ ወይፈን ግን ወደ በረቱ ይመለሳል። በሚቀጥለው ዓመት ላሞቹን የሚያጠቃውም እርሱ ይኾናል።

ይህ ነገር በአንድ ቤት አንድ ጊዜ ቢኾን ጉዳቱ አይታይም። በብዙ ቤት፣ ለብዙ ዓመታት ሲደጋገም ግን አንድም ላም ሳትታረድ፣ አንድም ወረርሽኝ ሳይገባ ዝርያ ሊጠፋ ይችላል። በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚረባው የበጋይት ከብት ከተጋረጡበት አደጋዎች አንዱ ይኸው ነው። ዝርያውን መጠበቅም ሲጀመር "የትኛው ኮርማ ይሸጥ፣ የትኛውስ ይቅር?" የሚለውን ጥያቄ መመለስ ነው።

የቆላው ከብት

በጋይት ከሑመራ ሜዳ ጀምሮ በአርማጭሆ፣ በመተማና በቋራ ቆላማ አካባቢዎች የሚገኝ ሀገር በቀል የከብት ዝርያ ነው። በኤርትራ ምዕራባዊ ቆላ የሚገኘው ወገኑ ባርካ በሚል ስም ይታወቃል። ከሱዳኖቹ የቡታናና የኬናና ዝርያዎች ጋርም ዝምድና አለው። ከብቱ ከድንበር መስመር በፊት የነበረ በመኾኑ የአንድ ሀገር ብቻ ሀብት አይደለም።

በመልኩ በጋይት ከደጋው ከብት በቀላሉ ይለያል። እግሩ ረጅም፣ ቁመናው ትልቅ፣ ጸጉሩ አጭር ነው። ብዙዎቹ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ናቸው። በወተት ምርትም ከሀገር በቀል ዝርያዎች መካከል ከሚጠቀሱት አንዱ ነው።

ዋናው ሀብቱ ግን ከመልኩ በስተጀርባ ያለው ነው። በመተማ ቆላ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ያልፋል። ሣሩ ይደርቃል፤ የጓንግና የሽንፋ ወንዞች ውኃ ይቀንሳል። ከብቱም ከግጦሽ ወደ ውኃ ረጅም መንገድ ይጓዛል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ቆሞ መሄድ፣ መውለድና ጥጃ ማሳደግ የሚችል ከብት በአንድ ትውልድ የተገኘ አይደለም። ሙቀቱንና ጥሙን ያልቻለው እየወደቀ፣ የቻለው እየተራባ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት የተጣራ ደም ነው። ይህ ደም አንድ ጊዜ ከተበተነ በገንዘብ ገዝቶ የሚመልሰው የለም።

ደም የሚሳሳባቸው ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ በገበያው በር ላይ የተገለጸው ነው። አርቢው በማራባት የሚመርጠው ወደፊት የሚደልበውንና የሚታለበውን ሲኾን፣ ገበያው የሚመርጠው ግን ዛሬ ያማረውን ነው። ፈጥኖ ያደገው ወይፈን ዘሩን ሳይተው ስለሚሸጥ ምርጫው ወደ ኋላ ይሄዳል። መተማ ለቁም እንስሳት ንግድ ወደ ሱዳን የሚያሻግር በር መኾኗ ለአርቢው ጥቅም ነው፤ ነገር ግን ያለ ምርጫ ሲሸጥ በሩ የዘር መውጫም ይኾናል።

ኹለተኛው መንገድ መቀላቀል ነው። ከ1995 ዓ.ም ወዲህ በተካሄደው የሰፈራ ፕሮግራም በርካታ የደጋ ነዋሪዎች ወደ መተማና ቋራ ወርደዋል። አራሽ ያለ በሬ አይኾንምና የደጋ ከብትም አብሮ ወርዷል። የደጋው በሬ ለቀንበር የለመደ፣ በትንሽ መኖ የሚያድር ስለኾነ ለገበሬው የራሱ ጥቅም አለው። በበጋ ወራት ደግሞ ፈላታ የሚባሉት ተንቀሳቃሽ አርቢዎች ከሱዳን በኩል የተለየ ዝርያ ያለው ከብት ይዘው ወደ ቋራ አካባቢ ይገባሉ። ግጦሹ የጋራ፣ ውኃውም የጋራ በኾነበት ስፍራ ኮርማው ባለቤቱን ጠይቆ አይሄድም።

ሦስተኛው መንገድ የግጦሽ መጥበብ ነው። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የቆላውን መሬት በስፋት ይዘዋል። የእርሻው መስፋፋት ለሀገር ገቢ፣ ለብዙ ሺህ ሠራተኛም እንጀራ ነው። የመሬቱ መጥበብ ግን አርቢው የከብቱን ቁጥር እንዲቀንስ ያስገድደዋል። ቁጥር ሲቀንስ መጀመሪያ የሚወጣው ወተት የማይሰጠውና የማያርሰው ኮርማ ነው።

ግማሹ ሲጎድል

የመቀላቀልን ፍጥነት በቀላል ሂሳብ ማሳየት ይቻላል። ጥጃ ከአባቷ ግማሽ፣ ከእናቷም ግማሽ ትወርሳለች። ንጹሕ የበጋይት ላም በሌላ ዝርያ ኮርማ ብትጠቃ የምትወልዳት ጊደር የበጋይት ደሟ 50 በመቶ ይኾናል። ያቺ ጊደር አድጋ እንደገና በሌላ ዝርያ ኮርማ ብትጠቃ የልጇ ደም 25 በመቶ ነው። በሦስተኛው ትውልድ 12.5 በመቶ ይደርሳል። በበረቱ ያለው የከብት ቁጥር አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሮ ሊኾን ይችላል። በጋይቱ ግን ከስምንት አንድ እጅ ብቻ ቀርቷል።

ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን ጊዜ ይወስዳል። ግማሽ ደም ያላት ጊደር በንጹሕ በጋይት ኮርማ ብትጠቃ ልጇ 75 በመቶ ትኾናለች። ቀጣይዋ 87.5 በመቶ፣ ከእርሷ የምትወለደው ደግሞ 93.75 በመቶ ትደርሳለች። የሀገር በቀል ጊደር የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልደው ብዙ ጊዜ በአራት ዓመቷ አካባቢ በመኾኑ ይህ ጉዞ ከ10 ዓመት በላይ ይጠይቃል። ለዚያውም ንጹሕ ኮርማ እስከዚያው ካልጠፋ ነው።

ይህ ሲባል ማዳቀል ክፉ ነው ማለት አይደለም። መኖ፣ ጥላ፣ ሕክምናና የወተት ገበያ ባለበት ከተማ አቅራቢያ ድቅል ላም ለባለቤቷ ጥሩ ገቢ ታመጣለች። ችግሩ ድብልቁ ሳይታሰብ፣ በግጦሽ ላይ፣ ማንም ሳይመዘግበው ሲፈጸም ነው። መዥገርና የገንዲ በሽታ ባሉበት፣ መኖ በሚያጥርበት ቆላ የተወለደች ድቅል ከእናቷ የወረሰችው መቋቋሚያ በግማሽ ይጎድላታል። ለማዳቀልም ቢኾን ንጹሕ ዘር መነሻ ያስፈልጋል። በጋይቱ ከሌለ የሚዳቀልም አይኖርም።

ኮርማ የመንጋው ግማሽ ነው

አንዲት ላም በዓመት ወይም በኹለት ዓመት አንድ ጥጃ ትወልዳለች። አንድ ኮርማ ግን በተመሳሳይ ጊዜ የብዙ ጥጃዎች አባት ይኾናል። ስለዚህ በላሞቹ ምርጫ ላይ የተሠራ ስህተት አንድ ጥጃ ሲያበላሽ፣ በኮርማው ምርጫ ላይ የተሠራው የመንደሩን ጥጃ ኹሉ ያበላሻል። ጥሩ ምርጫም እንዲሁ በአንድ ኮርማ በኩል ፈጥኖ ይስፋፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ አደጋ አለ። አንድ እጅግ ጥሩ ኮርማ ተገኝቶ ለረጅም ዓመታት እርሱ ብቻ ቢያገለግል፣ ጥቂት ቆይቶ የገዛ ልጆቹን ማጥቃት ይጀምራል። ዘመድ ከዘመድ ሲራባ ተሰውሮ የነበረ ጉድለት ይወጣል፦ ጥጃው ደካማ ይኾናል፤ ላሟ መጽነስ ያስቸግራታል፤ በሽታ የመቋቋም አቅም ይቀንሳል። ዝርያ የሚጠብቅ አርቢ በኹለት ገደሎች መካከል ይሄዳል ማለት ነው። በሩን ቢከፍት ደሙ ይቀላቀላል፤ አጥብቆ ቢዘጋ ደሙ ይታፈናል።

የርቢ ሳይንስ ይህንን የሚለካበት ሂሳብ አለው። የወንዶቹ ቁጥር በሴቶቹ ቁጥር ተባዝቶ፣ ውጤቱ እንደገና በአራት ይባዛል፤ ከዚያም ለኹለቱ ድምር ይካፈላል። 100 ላሞች ከአንድ ኮርማ ጋር ቢኖሩ ከብቱ በቁጥር 101 ቢኾንም በደም ስፋት ግን ከ4 ከብት አይበልጥም። በአንድ ትውልድ ውስጥ የዘመዳሞች ርቢ መጠን በ12.6 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለእነዚያው 100 ላሞች 4 ኮርማዎች ቢኖሩ የደም ስፋቱ 15 ይደርሳል። ኮርማዎቹ 15 ቢኾኑ ደግሞ ከ50 ያልፋል፤ ጭማሪውም ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። የዘርፉ ባለሙያዎች እንደ ዝቅተኛ ወለል የሚይዙት ይህንን 50 ነው። 15 ኮርማ ለአንድ አርቢ የማይታሰብ ነው፤ 20 ላሞች ላሏቸው አምስት ሰፈሮች ግን ለእያንዳንዳቸው 3 ኮርማ ማለት ነው።

በሌላው ዓለም የሚገኘው ልምድም ይህንኑ ያስተምራል። ባሰንጂ የሚባለው የመካከለኛው አፍሪካ አዳኝ ውሻ ወደ አውሮፓና አሜሪካ የተወሰደው በጥቂት ቁጥር ነበር። አራቢዎቹ መዝገቡን ዘግተው ከእነዚያው ጥቂት ውሾች ሲያራቡ ቆዩ፤ ቀስ በቀስ የኩላሊት በሽታ በዝርያው ውስጥ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ1988 አሜሪካውያን አራቢዎች ያኔ ዛየር ወደምትባለው ኮንጎ ሄደው በመንደር የሚኖሩ ውሾችን አመጡ። የአሜሪካ የውሻ ዝርያ ምዝገባ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1990 መዝገቡን ከፈተላቸው። ዝርያውን የታደገው በውድ ዋጋ የሚሸጠው ውሻ ሳይኾን በትውልድ ቀዬው፣ በገበሬ እጅ የቀረው ነበር። ለበጋይትም የመጨረሻው መጠባበቂያ የመተማና የቋራ አርቢ በረት ነው።

በመንደር ደረጃ ምን ይሠራ?

ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ስምምነትና ደብተር ይጠይቃል።

አንደኛው ነገር መቁጠር ነው። በሰፈሩ ስንት የበጋይት ላም፣ ስንት ንጹሕ ኮርማና ወይፈን እንዳለ መታወቅ አለበት። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አንድን ዝርያ በአደጋ ውስጥ ነው ብሎ ሲመድብ የሚያየው የሴቶቹን ቁጥር ብቻ አይደለም። ለርቢ የደረሱ ወንዶች ከ20 ካልበለጡም ዝርያው ለመጥፋት የተጋለጠ ይባላል፤ ከ5 ካልበለጡ ደግሞ አፋፍ ላይ ያለ ይባላል።

ኹለተኛው መምረጥ ነው። ወይፈን የሚመረጠው በራሱ ቁመና ብቻ አይደለም። እናቱ ስንት ታልባለች? በየስንት ጊዜው ትወልዳለች? በድርቁ ወራት ሥጋዋን ትይዛለች? ኮርማ ራሱ አይታለብምና የወተት ችሎታው የሚታወቀው በእናቱና በእህቶቹ ነው።

ሦስተኛው ያልተመረጠውን በጊዜ ማኮላሸት ወይም መሸጥ ነው። በብዙ አካባቢ ወይፈን የሚኮላሸው ለእርሻ ሲደርስ፣ ማለትም ላሞችን ለረጅም ጊዜ ካጠቃ በኋላ ነው። ምርጫው ትርጉም የሚኖረው ያልተመረጡት ሳያጠቁ በፊት በባለሙያ ቢኮላሹ ነው። ለገበያ የሚወጣውም ከእነዚህ መካከል ይኾናል።

አራተኛው ማዘዋወር ነው። አንድ ኮርማ ሥራ ከጀመረ በሦስት ዓመት ገደማ የመጀመሪያ ሴት ልጆቹ ለርቢ መድረስ ይጀምራሉ። ከዚያ በፊት ወደ ሌላ ሰፈር መሄድ አለበት። የመጀመሪያው ሰፈር ኮርማ ወደ ኹለተኛው፣ የኹለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ የመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ቢዞር ማንም ከውጭ ደም ሳያስገባ ዘመድ ከዘመድ እንዳይገናኝ ማድረግ ይቻላል። ከመዛወሩ በፊት ግን በተለይ ከውርጃ በሽታ ነጻ መኾኑን የእንስሳት ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ኮርማ ዘር ብቻ ሳይኾን በሽታም ይዞ ይሄዳል።

አምስተኛው መመዝገብ ነው። የጥጃው ቁጥር፣ የተወለደበት ቀን፣ እናቱና አባቱ በደብተር ቢሰፍሩ ከአምስት ዓመት በኋላ ማን የማን ልጅ እንደኾነ አከራካሪ አይኾንም። አርቢው ከአባቱ በቃል የወረሰው የከብት ሐረግ ቆጠራ ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው።

ወጪውን ማን ይሸከም?

ከዚህ ኹሉ የሚከብደው የገንዘቡ ነገር ነው። ምርጡን ወይፈን ያስቀረ አርቢ የገበያ ዋጋውን ያጣል። መኖ ያበላል፤ የዝርፊያና የበሽታ ስጋቱንም ብቻውን ይሸከማል። ጥቅሙ ግን የመንደሩ ኹሉ ነው። አንዱ ብቻ ከስሮ ኹሉም የሚያተርፍበት ሥራ አይዘልቅም።

መፍትሔው ወጪውን ማጋራት ነው። በመንዝና በቦንጋ በጎች ላይ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተሞከረው ማኅበረሰብ አቀፍ የርቢ ሥራ ለዚህ ምሳሌ ይኾናል። እዚያ አርቢዎች ተደራጅተው የመረጧቸውን አውራ በጎች በጋራ ይጠቀማሉ፤ ተመራማሪዎች ደግሞ በምዝገባና በመለካት ይደግፏቸዋል። ከብት ከበግ ይልቅ ቀስ ብሎ የሚራባና ዋጋው ከፍ ያለ በመኾኑ ሥራው ይከብዳል፤ መርሁ ግን አንድ ነው። ማኅበር ኮርማውን በገበያ ዋጋ ገዝቶ ቢይዝ፣ ላም ያስጠቃ ኹሉ አነስተኛ ክፍያ ቢፈጽም፣ ኮርማው ጊዜውን ሲጨርስ ደልቦ ተሽጦ ገንዘቡ ለቀጣዩ መግዣ ቢውል፣ ምርጡን ማስቀረት ኪሳራ መኾኑ ይቀራል።

የመንግሥት ተቋማትም ድርሻ አላቸው። በክልሉ ውስጥ ለዚህ ቅርብ የኾነው ልምድ የፎገራ ከብት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል፣ እንዲሁም በቻግኒ አቅራቢያ የሚገኘው የመተከል የከብት ርቢ ጣቢያ ይህንን ዝርያ ሲይዙ ቆይተዋል። የፎገራ ከብት በጣና ዙሪያ ሜዳ ላይ የገጠመው ፈተና ከበጋይት ጋር ይመሳሰላል፤ የግጦሽ ሜዳው ሩዝ ሲዘራበት መንጋው ተመናመነ፤ ከሌላ ከብት ጋርም ተቀላቀለ። የጣቢያው ሥራ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ድቅል ጊደር ለማውጣት የዋለች ንጹሕ ላም በዚያ ዓመት ራሷን የምትተካ ንጹሕ ጥጃ አትወልድም። ስለዚህ ጥበቃና ማዳቀል በአንድ መንጋ ላይ ሲሠሩ ለጥበቃው የተለየ ድርሻ አስቀድሞ መቆረጥ አለበት።

በአንድ ስፍራ ብቻ አይቀመጥም

የኮርማ አባላዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ይህ ለክፉ ቀን ጥሩ መጠባበቂያ ነው። ነገር ግን ቀዝቅዞ የተቀመጠ ዘር ከአዲስ በሽታና ከሚለወጥ አየር ጋር አይላመድም፤ በሜዳ ያለው መንጋ ግን ከዓመት ዓመት ይፈተናል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

"ክፉ ቀን" የሚለው ቃል ለዚህ ሀገር ተረት አይደለም። በ1880 ዓ.ም ገደማ የገባው የከብት ደስታ በሽታ ከሀገሪቱ ከብት እስከ 90 በመቶ የሚደርሰውን እንደገደለ ይገመታል። አጼ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1881 ዓ.ም በመተማ በወደቁበት ጊዜ ሀገሩ በዚያው እልቂት ውስጥ ነበር። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም ነው፤ ስጋቱ ግን በሌላ መልክ አለ። የኬናና ዝርያ ምርምር የሚካሄድበት የሱዳን ሲናር አካባቢ በ2016 ዓ.ም መጨረሻ የጦርነት ቀጠና ኾኗል። አንድ ዝርያ በአንድ ጣቢያ ወይም በአንድ ወረዳ ብቻ ከተያዘ አንድ ክፉ ወቅት ሊያጠፋው ይችላል። በመተማ፣ በቋራና በአርማጭሆ በረቶች ተበትኖ፣ ግን በአንድ መዝገብ ተሳስሮ ሲኖር የአንዱ ጉዳት በሌላው ይተካል።

ከ100 በላይ ሀገራት በ1999 ዓ.ም መጨረሻ በስዊዘርላንድ ኢንተርላከን ከተማ ተሰብስበው የእንስሳት ዝርያዎችን ለመጠበቅ የጋራ የድርጊት መርሐ ግብር አጽድቀዋል። ሰነዱ አስፈላጊ ነው። የበጋይት ዕጣ ግን የሚወሰነው ከሰነዱ በፊት በገበያ ቀን ጠዋት፣ አርቢው ከበረቱ የትኛውን ወይፈን ነድቶ እንደሚወጣ ሲያስብ ነው። ምርጡን ማስቀረት የሚያዋጣው ከኾነ ኹለተኛውን ይነዳል፤ ዝርያውም አንድ ትውልድ ወደ ፊት ይሻገራል።